ለሙሾ ሙሾ አናውርድ

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ ስለ አንድ የሒሳብ መምህር ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ፈረንሳዊ ነው፤ ኦጉስታን ሙሾ ይባላል። አዎ፣ ሙሾ ነው። ፈረንሳዮቹ ሲጠሩትም እንዲሁ ነው የሚሉት፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ሌላ መልክ የለውም። ስሙን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ደነገጥኩ። ፀሐይን ሞተር እንድትነዳ ያደረገ፣ በድህነት የሞተ፣ ማሽኑ የተረሳ፣ ስሙ ሙሾ የሆነ ሰው! ግጥም የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ እናንተም ታውቁታላችሁ። ቁጭ ብዬ ሙሾ አወረድኩለት። አርባ ስንኝ። ከአርባው አንዱንም ዛሬ አላነብላችሁም። ለምን እንደማላነበው ግን እነግራችኋለሁ።

ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር እንደሆነ ያዙልኝ።

ሙሾ የተወለደው በ1825 ነው። ቱር በምትባል ከተማ ሒሳብ ያስተምር ነበር። በ1860ዎቹ አውሮፓ ፋብሪካውንም ባቡሩንም በከሰል ሲነዳ፣ እሱን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳው፦ ከሰሉ ሲያልቅስ? መልሱን ፍለጋ ቀና ብሎ ሰማይ አየ። ከዚያ የሠራውን ነገር ለማየት የጠረጴዛ መብራት ባርኔጣ ገልብጣችሁ አስቡት። ሰፊው አፉ ወደ ፀሐይ ተከፍቷል፤ ውስጡ እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል። መሃሉ ላይ የጠቆረ የውሃ ማፍያ፣ ቦይለር፣ ቆሟል። ቦይለሩን ብርጭቆ ከድኖታል። ብርሃኑ ከዙሪያው እየተንጸባረቀ መሃል ይወድቃል፤ ጥቁሩ ብረት ይውጠዋል፤ ብርጭቆው ሙቀቱ እንዳይሸሽ ይይዘዋል። ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ሞተር ይነዳል። በቃ ይኸው ነው።

በ1878 ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲደረግ ሙሾ ትልቁን ማሽኑን አቆመ። በፀሐይ ሙቀትም በረዶ ሠራ። የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ።

እዚህ ላይ እንድትቆዩልኝ እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው «በፀሐይ በረዶ ሠራ» ሲባል ተአምር ይመስለውና ያልፈዋል። ገጣሚ ማለፍ የለበትም። በሙቀት የሚሠራ ማቀዝቀዣ እንዲህ ነው፦ አሞኒያ የሚባለው ጋዝ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ስታሞቁት ከውሃው ይወጣል። ለብቻው ሰብስባችሁ፣ ጨቁናችሁ፣ ወደ ፈሳሽ ትመልሱታላችሁ። ያ ፈሳሽ ተመልሶ ጋዝ ሲሆን በአጠገቡ ካለው ነገር ሁሉ ሙቀት ይቀማል። የተቀማው ውሃ በረዶ ይሆናል። ነገሩ ሲጠቀለል፣ ማሽኑ ሙቀት በልቶ ሙቀት ይሰርቃል ማለት ነው። ይህን ስትረዱ ግጥሙ ከተአምርነት ይወጣና ይበልጥ ይጣፍጣል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 1882፣ የሙሾ የሥራ ባልደረባ አቤል ፒፍር እዚያው ፓሪስ መናፈሻ ውስጥ በፀሐይ እንፋሎት የማተሚያ ማሽን አንቀሳቀሰ። በሰዓት 500 ያህል ቅጂ የሚወጣ ጋዜጣ አተመ። የጋዜጣው ስም «ፀሐይ» ነበር። ፀሐይ የራሷን ስም ወረቀት ላይ ስታትም አስቡት። ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የበለጠ ስጦታ ከየት ይመጣል?

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቆመ። ሙሾ በ1912 ፓሪስ ውስጥ በችግር ሞተ።

እንግዲህ ያ የአርባ ስንኝ ግጥሜ ይህን ታሪክ ይዞ «ቀበሩት» ይላል። በየአራት ስንኙ ይመለሳል፦ ቀበሩት፣ ቀበሩት። አንድ የግጥም ምሽት ላይ አነበብኩት። ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያልቅ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ቀበሩት ትላለህ። ማነው የቀበረው?»

«ከሰል ነጋዴዎቹ ናቸዋ፣ ጋሼ።»

«የትኛው ነጋዴ? በየትኛው ዓመት?»

ዝም አልኩ።

«እሺ፣ ማሽኑስ ለምን ጥቁር ሆነ? ለምን ብርጭቆ ተከደነበት?»

ይህንንም አላውቅም ነበር። እሳቸው አልተቆጡም። ረጋ ብለው፣ «እንግዲያው ያለቀስከው ለሱ አይደለም፤ ለራስህ ነው» አሉና ተቀመጡ።

ቤቴ ስገባ ግጥሙን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እውነታቸውን ነበር። ሰውየውን ዓለም አንድ ጊዜ ረሳው፤ እኔ ደግሞ ማሽኑን ሳላውቅ ስላለቀስኩለት ሁለተኛ ረሳሁት። ለተረሱ የፈጠራ ሰዎች የሚጻፍ ግጥም አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ቁጭቱ ቀድሞ ይመጣል፤ ቁጭት ደግሞ ቤት መምታት አያስቸግረውም። ሰውየው ዕድሜውን የሰጠው ነገር፣ ብረቱ፣ መስተዋቱ፣ እንፋሎቱ፣ ከግጥሙ ውጭ ይቀራል።

ስለዚህ ካርቶን ቆርጬ ቀፎ ሠራሁ። ውስጡን በአሉሚኒየም ወረቀት ለበጥኩት። አንድ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ጥቀርሻ ቀባሁና ውሃ ሞላሁበት፤ ባንድ ትልቅ ብርጭቆ ከድኜ መሃሉ ላይ አስቀመጥኩት። ፀሐይ ላይ አወጣሁት። መጀመሪያ የገረመኝ ዓይኔ ነው፤ ወደ ቀፎው ውስጥ ማየት አልቻልኩም፣ ፊቴን አዞርኩ። ሁለተኛው ጣቴ ነው፤ ጣሳውን ልነካ ብዬ ቶሎ መለስኩት። ሦስተኛው ግን ግጥሜን የለወጠው ነው። ጥቂት ቆይቼ ስመለስ በጣሳው ላይ የነበረው የብርሃን መስመር ወደ ጎን ተንሸራቷል። ፀሐይ ሄዳለች። ቀፎውን አዞርኩት፤ እንደገና ሄደች። ከሰዓት በኋላዬን በሙሉ ካርቶን እየገፋሁ ፀሐይ ስከተል ዋልኩ። ውሃው አልፈላም። ግን እንደዚያ ቀን ከሙሾ ጋር አብሬ ውዬ አላውቅም። ከሰል ይጠብቃችኋል፤ ጎተራ ውስጥ ታስቀምጡታላችሁ፣ ሌሊት ታነዱታላችሁ። ፀሐይ ግን አትጠብቅም። ደመና ሲመጣ ሞተሩ ይቆማል። ይህን በእጄ ስነካው፣ ሰውየው ለምን እንደተሸነፈ ያለ ክስ ገባኝ።

ታሪኩም ይህንኑ ይላል። ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋር የንግድ ውል ነበራት፤ የባቡር ሐዲዱም ተስፋፋ፤ ከሰል እየረከሰ መጣ። መንግሥት የፀሐይ ማሽኑን እንዲመረምር ያቆመው ኮሚሽን ማሽኑ እንደሚሠራ መሰከረ። አያዋጣም አለ። በቃ። ጭንብል ያጠለቀ ጠላት አልነበረም። ሒሳብ ነበር፤ የሒሳብ መምህሩን ሒሳብ ጣለው።

አርባው ስንኝ ቀረና ሁለት ወጣ፦

ፀሐይን ለምኖ በረዶ ያወጣ፣
ከሰል ረከሰና የሚያየው አጣ።

በወል ቤት ነው፤ ስንኙ ለሁለት ተከፍሎ ስድስት ቀለም፣ ስድስት ቀለም፤ ቀለም የምለው ክፍለ ቃሉን ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ «ረከሰ» የምትለውን ቃል እዩልኝ። ሰሙ ዋጋ ነው፤ ከሰሉ ረከሰ፣ ርካሽ ሆነ። ወርቁ ርኩሰት ነው። ከሰሉ በረከሰ ቁጥር አየሩ ረከሰ። ይህን ኅብረ ቃል እኔ አልፈጠርኩትም፤ አማርኛ ከእኔ በፊት አስቀምጦት ነበር። ርካሽ ነገርና ርኩስ ነገር ባንድ ግሥ የሚጠሩበት ቋንቋ፣ ስለ ንጹሕ ኃይል ለሚጽፍ ሰው ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል።

ስለ ቃላት ካነሳን ትንሽ እንቆይ። ሳይንስ ላይ ግጥም መጻፍ የሚከብደው ቃሉ ባዕድ ስለሆነ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ቦይለር፣ ባትሪ፣ ተርባይን እንዴት ቤት ይመታል ይላሉ። እኔ እነዚህን ቃላት አልፈራቸውም፤ መካኒኩ ሁሉ በየቀኑ ይላቸዋል፣ ግጥም ለምን ይጸየፋቸዋል? ግን ከእነሱ በፊት የራሳችንን እንይ። ኃይልን «ጉልበት» እንላለን። ሞተር የሚለካው በፈረስ ጉልበት ነው። ጉልበት ደግሞ ሰው ሲንበረከክ የሚያጥፈው ነው። ፍራንክ ሹማን የሚባል አሜሪካዊ በ1913 ግብፅ ማአዲ ላይ እያንዳንዳቸው 62 ሜትር ያህል የሚረዝሙ አምስት የመስተዋት ገንዳዎች አቁሞ፣ ከዓባይ ወንዝ በደቂቃ ከ20,000 ሊትር በላይ ውሃ በፀሐይ እንፋሎት ለጥጥ እርሻ ሳበ። በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ ማሽኑ ፈረሰ፣ ሹማንም በ1918 ሞተ። ስለ እሱ የሚጽፍ ሰው «ጉልበት» በምትለው ቃል ላይ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ሊሠራ ይችላል።

ከሁሉም የምወደው ቃል ግን «ጠፋ» ነው። መብራት ይጠፋል። ሰውም ይጠፋል። እዚህ ላይ ጄምስ ብላይዝን ላስተዋውቃችሁ። ስኮትላንዳዊ ነው፤ ግላስጎው ውስጥ ፕሮፌሰር ነበር። በ1887 ማሪኪርክ በምትባል መንደር፣ በእረፍት ቤቱ ግቢ፣ የጨርቅ ሸራ ያለው የነፋስ ማሽን ተከለ። ማሽኑ ባትሪ ይሞላል፤ ባትሪው ቤቱን ያበራል። በነፋስ በሚመነጭ ኤሌክትሪክ በመብራት ከደመቁት የዓለም ቤቶች የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ኃይሉ ተረፈውና ለመንደሩ ሰዎች፣ ዋናውን መንገዳችሁን ላብራላችሁ አላቸው። ኤሌክትሪክ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንቢ እንዳሉት ተጽፎ ቀርቷል።

ይህን ታሪክ ሲያነቡ በመንደርተኛው የሚስቁ አሉ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። እስከዚያ ዕለት ነፋስ ለእነዚያ ሰዎች መብራት አጥፊ ነበር። በር ሲከፈት ኩራዝ የሚያጠፋ፣ በእጅ መዳፍ የሚከለል ነገር። አንድ ቀን አንድ ፕሮፌሰር መጥቶ ያው ነፋስ መብራት ያበራል ቢላቸው፣ ዓለም የተገለበጠ ቢመስላቸው ምን ይገርማል? ግጥሙ የወጣው ከእነሱ ፍርሃት ውስጥ ነው፦

ኩራዙን ያጠፋው ነፋስ ቤት አበራ፤
ያበራው ግን ጠፋ፣ ሳይነሳ ሳይጠራ።

መንደርተኛውን ብከስ ኖሮ ኩራዙ አይታየኝም ነበር።

ዴንማርክ ውስጥ ደግሞ ፖል ላ ኩር የሚባል መምህር ነበር። በ1891 አስኮቭ ላይ ነፋስን ለኤሌክትሪክ ካዋለ በኋላ፣ ነፋስ በሌለ ቀንስ ብሎ ተጨነቀ። በኤሌክትሪኩ ውሃን ከፋፍሎ ሃይድሮጅን አጠራቀመ፤ በዚያ ጋዝ የትምህርት ቤቱን መብራት ለዓመታት አበራ። አልፎ አልፎ ጋዙ ይፈነዳና የመስኮቱን መስታወት ያረግፈው ነበር። ዛሬ መሐንዲሶች ኃይልን በሃይድሮጅን ስለማከማቸት ሲነጋገሩ ስሰማ ያ የተሰበረ መስኮት ይታየኛል። አሁን ግን ልዝለቀው፤ የምትጠብቀኝ ሴት አለች።

ማሪያ ቴልከሽ። በ1900 ቡዳፔስት ተወለደች፤ ሥራዋን የሠራችው አሜሪካ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሕይወት አድን ጀልባ ላይ ለሚንሳፈፉ ሰዎች የባሕር ውሃን በፀሐይ ወደ መጠጥ ውሃ የሚለውጥ መሣሪያ ነደፈች። በ1948 ደግሞ ማሳቹሴትስ፣ ዶቨር ላይ፣ ምድጃ የሌለው ቤት ታነጸ። አርክቴክቷ ኤሊኖር ሬይመንድ፣ ገንዘቡን የሰጠችው አሜሊያ ፒቦዲ፤ ሦስቱም ሴቶች። ቤቱ ክረምቱን የሚያልፈው በጨው ነው።

ጨው ስላችሁ ወጥ ላይ የምንጨምረው አይደለም፤ የግላውበር ጨው ይባላል። 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል። ሲቀልጥ ብዙ ሙቀት ይጠጣል፤ ማታ ሲረጋ የጠጣውን መልሶ ይተፋል። ቀን ፀሐይ አየሩን ታሞቃለች፤ አየሩ ጨው ወደተቀመጠበት ይነፋል፤ ሌሊት ጨው ቤቱን ያሞቃል። በውስጡ የቴልከሽ ዘመድ ከነቤተሰቡ ይኖር ነበር። ሁለት ክረምት ተሳካ። በሦስተኛው ጨው ከዳ። ደጋግሞ ሲቀልጥና ሲረጋ አካሉ ተለያየ፤ ከባዱ ታች ዘቀጠ፣ ፈሳሹ ላይ ቀረ፣ እንደ ቀድሞው አልገናኝ አሉ። ቤቱ በረደ። የተለመደው ዓይነት ማሞቂያ ገባበት።

ይህን ሳነብ ወዲያው የመጣልኝ ተረታችን ነው፦ ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል። ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ለሰነፍ ሰው ሲነገር ነው። ዶቨር ላይ ግን ቃል በቃል ሆነ፤ ጨው በበርሜል ውስጥ ድንጋይ ሆነ። ተረቱን ለመጻፍ ስነሳ እጄ ያዘኝ። ጨው ሰነፍ አልነበረም። ቴልከሽም አልተሸነፈችም፤ እስከ 1995 ኖራለች፣ ብዙ ሠርታለች፣ እየቀለጠ ሙቀት የሚያከማች ነገር ዛሬ ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ነው። ግጥሙ ውስጥ ተረቱን ገልብጬ አስገባሁት፤ የተወረወረው ድንጋይ ሌሎች አንስተው ሲልሱት፣ ጨው ሆኖ ይገኛል። የወደቀ ሙከራ ሲጻፍ፣ የወደቀበትን ምክንያት በስሙ መጥራት ለሰውየውም ለሴቲቱም ክብር ነው። «ጨው ተለያየ» የሚለው «ዕድል ከዳት» ከሚለው ይበልጣል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ልግባ። እናንተም ሳትጠይቁኝ አትቀሩም፤ ከሳይንስ መንገድ ወጣ ያሉትስ? ነፃ ኃይል፣ ቀዝቃዛ ፊውዥን፣ የማያቋርጥ ሞተር? በተረሱ ፈልሳፊዎች ላይ የሚጽፍ ገጣሚ ወደዚህ ጎዳና መሳቡ አይቀርም፤ እኔም ተስቤ አውቃለሁ።

ፊላደልፊያ ውስጥ ጆን ኪሊ የሚባል ሰው ነበር። ከጥቂት ውሃ ባቡር የሚነዳ ኃይል አወጣለሁ እያለ ከሃያ ዓመት በላይ የባለ አክሲዮኖችን ገንዘብ ተቀበለ። በ1898 ሲሞት ቤተ ሙከራው ተፈተሸ። ከወለሉ በታች የታመቀ አየር የሚይዝ፣ ሦስት ቶን የሚመዝን የብረት ሉል ተገኘ። ስለ ኪሊ ግጥም ይጻፍ? ይጻፍ። ግን ጀግና አድርጎ የሚጽፈው ሰው፣ ሙሾን ሁለተኛ ይገድለዋል። ከመሬት በታች አየር የደበቀውንና ደመና ሲመጣ ማሽኔ ይቆማል ብሎ በግልጽ የሠራውን ባንድ መዝገብ ማስፈር ግፍ ነው።

ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ ግን ሌላ ናቸው። መጋቢት 23 ቀን 1989 ዩታ ላይ፣ ከባድ ውሃ፣ ማለትም ሃይድሮጅኑ ከተራው የከበደ ውሃ፣ ባለበት ዕቃ ውስጥ በፓላዲየም ብረት ፀሐይ ውስጥ የሚካሄደውን የአቶም አስኳሎች ውህደት፣ ፊውዥንን፣ በጠረጴዛ ላይ አገኘን ብለው ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ዓለም ተነሳ። ብዙ ቤተ ሙከራዎች ሞከሩት፤ የሚታመን ውጤት በተደጋጋሚ ማግኘት አልተቻለም። ሙቀቱ የመጣው ከሚታወቀው የኑክሌር ውህደት ቢሆን፣ በአጠገቡ ያሉትን ሰዎች የሚገድል የኒውትሮን ጨረር መውጣት ነበረበት፤ አልወጣም። እነዚህን ሁለት ሰዎች አጭበርባሪ ብዬ አልጽፋቸውም፣ ሰማዕትም አላደርጋቸውም። የምጽፈው ፓላዲየሙን ነው። ያ ብረት የእውነት ድንቅ ነው፤ የራሱን መጠን ብዙ መቶ እጥፍ ሃይድሮጅን ወደ ውስጡ ይምጋል። ፀሐይን በብርጭቆ ውስጥ ለማየት የተመኘ ሰው ለምን እሱን እንደመረጠ ይገባኛል። ቅኔ ምኞትን ሳያጸድቅ ሊያከብር ይችላል፤ ለዚህ ነው ሁለት አፍ የተሰጠው። «አዩ» እና «መሰላቸው» ባንድ ስንኝ ውስጥ ጎን ለጎን ይቆማሉ።

ልጨርስ። መጨረሻ ያመጣሁላችሁ ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው።

ቻርልስ ፍሪትስ የሚባል አሜሪካዊ በ1883 ሴሊኒየም የሚባለውን ንጥረ ነገር በብረት ላይ ስስ አድርጎ ዘረጋና፣ በላዩ ላይ ብርሃን ሊያሳልፍ እስኪችል ድረስ የሳሳ ወርቅ አለበሰው። ፀሐይ ላይ ሲያወጣው ኤሌክትሪክ ፈሰሰ። ዛሬ በየጣሪያው ላይ የምናየው ሰሌዳ ቅድመ አያት ይህ ነው። ሴሊኒየም ስሙን ያገኘው ጨረቃን ከሚጠራው የግሪክ ቃል ነው። ጨረቃ ከታች፣ ወርቅ ከላይ፣ ፀሐይ ከሁሉ በላይ። በእኛ ቅኔ ወርቁ ሁልጊዜ ከሰሙ ሥር ነው፤ እሱ ገልብጦት ወርቁን ከላይ አደረገው። ይህን ያወቅኩ ቀን አንድ ስንኝ ወዲያው መጣልኝ፦

ወርቁን ከላይ አርጎ ጨረቃን ከሥሩ፣

ሁለተኛው አልመጣም። ዓመት አለፈው። ሰሌዳው ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ከተቀበለው ብርሃን ከመቶ አንዱን ያህል ብቻ ነበር፤ ዘጠና ዘጠኙ ባከነ። ያቺ ከመቶ አንዷ ሁለተኛው ስንኝ ውስጥ ካልገባች አልቀበለውም። በ«ሩ» ቤት የሚመታ፣ ስድስት ቀለምና ስድስት ቀለም፣ ውስጡ አንዷ ከመቶው ያለችበት። ከእናንተ መሃል ያገኘ ካለ፣ ከመድረኩ ስወርድ በዚያ በኩል ነኝ።